የሚጣራ ፊደልና የሚነግር ፊደል

ፊደልና ኑሮ፦ የየሳምንቱ ዓምዳችን



ባለፈው ሰሞን አንድ አዛውንት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ተቀመጡ። ከኪሳቸውም ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ የእኛው ጋዜጣ ነበር።

«ልጆቼ፣ ይህን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉን።

«አዎን አባታችን፣ እኛ ነን» አልናቸው።

«እንግዲያው እስቲ እናንተው አንብቡልኝ።»

አነበብንላቸው። ከገጹ አናት ላይ በትልቅና በወፍራም ፊደል «የከብት ክትባት» ይላል። ከሥሩ ስለ አባ ሰንጋ በሽታ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ክትባቱ የሚሰጥበት ቀንና ቦታ ግን ከገጹ ግርጌ ነው። እዚያም በቀጭንና በትንሽ ፊደል፣ በአንዲት መስመር ብቻ ተጽፏል።

አዛውንቱ ከብቶቻቸውን ነድተው የደረሱት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ከታቢዎቹ ሄደዋል።

«ወፍራሙን አነበብኩት። ደስም አለኝ፤ ካነበብኩ ገና ዓመቴ ነው። ከሥሩ ያለው ሲበዛብኝ ተውኩት። ቀኑን ገበያ ላይ ሰው ጠየቅሁ። እሱም ተሳስቶ አሳሳተኝ። ልጆቼ፣ ፊደላችሁ ጮኸብኝ እንጂ አልነገረኝም» አሉን።

የምንመልሰው አጣን። ከብቶቹ እስከ ሌላ ዙር ድረስ ሳይከተቡ መቆየታቸው ነው። አባ ሰንጋ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ አይደለም። ከብት በድንገት ይገድላል። በበሽታው የሞተ ከብት ቆዳ የገፈፈ ወይም ሥጋውን የበላ ሰውም ይታመማል። ደግነቱ የአዛውንቱ ከብቶች እስከ ዛሬ ደኅና ናቸው። ጥፋቱ ግን የእኛ ነው። እሳቸውን ይቅርታ ጠይቀናል። እናንተንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ የዛሬው ዓምዳችን ስለ ወፍራም ፊደል ነው። ደማቅ ፊደልም ይባላል። ወፍራም ፊደል ምን ዓይነት ጠባይ አለው? ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም? አብረን እንመልከት።

ፊደል መልኩን ይለውጣል

ሰው ለእርሻ ሲሄድ አንድ ልብስ ይለብሳል። ለበዓል ሌላ ይለብሳል። ሰውዬው ግን ያው ነው። ፊደልም እንዲሁ ነው። «በ» በቀጭኑ ቢጻፍ «በ» ነው። በወፍራሙ ቢጻፍም «በ» ነው። በብራና ላይ በመቃ ብዕር ቢጻፍም ያው «በ» ነው።

በብራና መጻሕፍት ላይ ፊደሉን አይታችሁ ይሆናል። የመቃው ብዕር አንዱን ጭረት ወፈር፣ ሌላውን ቀጠን ያደርገዋል። በማተሚያ ቤት ደግሞ ፊደሉ አስቀድሞ መልክ ይወጣለታል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ሁሉ አንድ ቤተሰብ እንዲመስል ሆኖ ይሠራል። ይህንን የፊደል መልክ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ፎንት ይሉታል።

እንግዲህ አዲስ አንባቢ የሱቅ ሰሌዳ ላይ እንግዳ መልክ ያለው ፊደል ቢያይ አይደንግጥ። የተማርከው ፊደል ነው፤ ልብሱን ብቻ ለውጧል። አጥንቱን ተመልከት። ስንት እግር አለው? ቀለበቱ የት ነው? ጭረቱ ወደየት ያዘነብላል? ይህን ካየህ ፊደሉን ታውቀዋለህ።

ፉቱራ የሚባለው የፊደል መልክ

የወፍራም ፊደልን ጠባይ ለማወቅ አንድ በዓለም የታወቀ የፊደል መልክ እንይ። የእኛ የግዕዝ ፊደል አይደለም። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ የሚጻፉበት የላቲን ፊደል ነው። ስሙ ፉቱራ ይባላል። ስሙ ከላቲን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ስለሚመጣው ጊዜ የሚናገር ቃል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፉቱራን ያወጣው ፓውል ሬነር የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1878 ተወለደ፤ በ1956 ሞተ። ሠዓሊ፣ የመጻሕፍትን መልክ የሚያዘጋጅ ባለሙያና መምህር ነበር። ፉቱራን ቀርጾ ለሽያጭ ያቀረበው በፍራንክፈርት ከተማ የነበረው ባወር የሚባል የፊደል ማቅለጫ ድርጅት ነው። ዘመኑም 1927 ነበር።

ማቅለጫ ስንል ትገረሙ ይሆናል። በዚያ ዘመን የማተሚያ ፊደል ከብረት ይሠራ ነበር። እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ የሚባሉ ማዕድናት አብረው ይቀልጣሉ። ቅልጡ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። ሲበርድ አንድ ፊደል ይወጣል። ፊደል ለቃሚው እነዚህን ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀመ በመስመር ይደረድራቸዋል። ከዚያ ቀለም ይቀቡና ወረቀት ይጫንባቸዋል። እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ይታተማል።

በዚያ ጊዜ ብዙ የጀርመን መጻሕፍት ይታተሙ የነበሩት ፍራክቱር በሚባል የፊደል መልክ ነበር። ፍራክቱር ማዕዘኑ የበዛ፣ የተሰባበረ የሚመስል፣ የድሮ የእጅ ጽሑፍን የተከተለ ነው። ሌላው የላቲን ፊደል መልክ ደግሞ በጭረቱ ጫፍ ላይ ትንሽ መርገጫ አለው። ሰው ጫማ አድርጎ እንደ መቆም ማለት ነው። ያችን መርገጫ ሰሪፍ ይሏታል።

ሬነር ፍራክቱርንም አልተከተለም፤ መርገጫውንም ተወው። የፉቱራ ፊደል ባዶ እግሩን የቆመ ነው። ጭረቱ ሲጀምርም ሲጨርስም ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ውፍረቱም ከላይ እስከ ታች እኩል ይመስላል።

ቅርጹም የተወሰደው ሁላችንም ከምናውቃቸው ነገሮች ነው። አንደኛው ክብ ነው፤ እንደ ምጣድ። ሁለተኛው አራት ማዕዘን ነው፤ እንደ በር። ሦስተኛው ሦስት ማዕዘን ነው፤ እንደ ጎጆ ጣራ ሲታይ። የላቲኑ «ኦ» ክብ ነው። ትንሹ «ኤ» የሚሉት ክብ ሆኖ ከጎኑ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ የቆመለት ነው። ትልቁ «ኤ» ደግሞ እንደ ጎጆ ጣራ ሹል ነው። የቅርጽና የልክ ትምህርት ጂኦሜትሪ ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የፊደል መልክ ጂኦሜትሪያዊ ይሉታል።

ዓይንና መለኪያ ይለያያሉ

ፉቱራ በመለኪያ ብቻ የተሠራ ይመስላል። ግን አይደለም። ሬነር መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ፊደሎችን እጅግ አቅልሎ ሞክሯቸው ነበር። ለምሳሌ ትንሹን «አር» አንድ ዱላና አንድ ነጥብ ብቻ አድርጎት ነበር። ሲነበብ ግን እንግዳ ሆነ። ፊደሉ ለሽያጭ ሲወጣ ወደ ለመድነው ቅርጽ ተመለሰ።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ዓይን ይሳሳታል። ሁለት እኩል ጭረት ሥሩ፤ አንዱን አቁሙት፣ ሌላውን አጋድሙት። የተጋደመው ወፈር ያለ ይመስላል። ስለዚህ ፊደል ሠሪው የተጋደመውን በጥቂቱ ያቀጥነዋል። ክቡ ከዱላው ጋር በሚገናኝበት ቦታም ጭረቱን ያሳሳዋል። ካላሳሳው እዚያ ቦታ ላይ የቀለም እድፍ የወደቀ ይመስላል። ፊደሉ በወፈረ ቁጥር ይህ ጥንቃቄ ይበዛል።

ጎጆ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ምሰሶው ቀጥ ማለቱን በገመድ ይለካል። ከዚያ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ በዓይኑ ያየዋል። ፊደልም ሲሠራ እንዲሁ ነው። ይለካል፤ ኋላም ራቅ ተብሎ ይታያል።

ፉቱራ ምን ሠራ?

ፉቱራ የወጣው ከቀጭን እስከ ወፍራም ሆኖ ነው። ቀጭኑ ለንባብ ሲያገለግል፣ ወፍራሙ ለርዕስ፣ ለሰሌዳና ለማስታወቂያ ዋለ።

ቮልስ የምንላትን መኪና ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ቮልስዋገን ከ1959 ጀምሮ በአሜሪካ ያወጣቸው ማስታወቂያዎች በዓለም የታወቁ ናቸው። ሰፊ ነጭ ወረቀት አለ። በላዩ አንዲት ትንሽ መኪና አለች። ከሥሯም ሁለት ሦስት ቃል በፉቱራ ተጽፏል። ነጩ ቦታ ብዙ በመሆኑ ጥቂቱ ቃል ከሩቅ ይታያል።

ከሁሉም ራቅ ያለውን እንንገራችሁ። በ1969፣ በእኛ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም.፣ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ወረዱ። አፖሎ 11 በምትባለው መንኮራኩር የሄዱ አሜሪካውያን ናቸው። በወረዱባት መንኮራኩር እግር ላይ የማይዝግ ብረት ሰሌዳ ተለጥፎ ነበር። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሰዎች ከምድር መጥተው መጀመሪያ እዚያ እንደ ረገጡ፣ የመጡትም ለሰው ልጅ ሁሉ በሰላም እንደ ሆነ ይናገራል። የተጻፈውም በፉቱራ ነው። መንኮራኩሯ ስትመለስ የታችኛው ክፍሏ እዚያው ቀረ። ሰሌዳውም እዚያው አለ።

ለመኪና መሸጫም፣ ለጨረቃ ሰሌዳም ያገለገለው አንድ የፊደል መልክ ነው። ለምን? ጌጥ ስለሌለው ነው። ጌጥ የሌለው ፊደል ዓይንን አያስቆምም። ዓይን ፊደሉን አልፎ ወደ ቃሉ ይሄዳል።

ወፍራም ሲሆን የሚረዳውና የሚጎዳው

አሁን ወደ ወፍራሙ እንመለስ። ወፍራም ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ብዙ ጥቁር ይይዛል። ስለዚህ ከሩቅ ይታያል። ገጹን ስትገልጡ መጀመሪያ ዓይናችሁ እሱ ላይ ያርፋል። አጭር ቃል ሲሆን ደግሞ በአንድ እይታ ይነበባል። «መርዝ»፣ «ክትባት»፣ «ጤና ጣቢያ» የሚሉትን ቃላት በወፍራም ፊደል መጻፍ መልካም ነው።

ነገር ግን ገጹ ሁሉ በወፍራም ፊደል ቢጻፍ ምን ይሆናል? ዓይን ይደክማል። ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢጣራ ማንን ትሰማላችሁ? ማንንም አትሰሙም። ወፍራም ፊደልም ሲበዛ እንዲሁ ነው።

ሌላው ችግር ቀለበቱ ነው። ፊደል ሲወፍር በውስጡ ያለው ነጭ ቦታ ይጠባል። ይህ የእኛን ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ይጎዳዋል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት ነውና። «ቢ» እና «ቤ»ን ተመልከቱ። «ቢ» በቀኝ እግሯ ሥር ትንሽ ጭረት አላት። «ቤ» በዚያው ቦታ ቀለበት አላት። ፊደሉ ወፍሮ ቀለበቱ ከተደፈነ «ቤ» «ቢ»ን ትመስላለች።

የ«ሬ» ቀለበትም እንዲሁ ነው። አንድ ነጋዴ «ጥሬ ቡና» ብሎ በወፍራም ቀለም ሰሌዳ ቢጽፍና ቀለበቱ ቢደፈንበት «ጥሪ ቡና» ሊነበብበት ይችላል። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ቡና ተጠራሁ ብሎ ቢመጣ ማን ይወቀሳል?

ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ለግዕዝ ፊደልም ጭረቱ ቀጥ ያለና ጌጥ የሌለው መልክ ተሠርቶለታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው አንዱ ነው። እሱም ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም አለው። እንዲህ ያለውን የሚሠሩ ባለሙያዎች ለቀለበቱ መጠንቀቅ አለባቸው።

እስቲ እንሞክር

ለቀበሌያችሁ ወይም ለውሃ ጉድጓዳችሁ ሰሌዳ መጻፍ ትችላላችሁ። ከሰልና ጠፍጣፋ ጣውላ ይበቃል። እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ የሚጻፈውን አሳጥሩ። ከአምስት ቃል አይብለጥ።

ሁለተኛ፣ ከላይና ከታች ሁለት መስመር አስምሩ። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ይሁን። የፊደሉ ቁመት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ በቀጭኑ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጭረት አወፍሩ። ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ።

አራተኛ፣ ቀለበት ያለውን ፊደል ስታወፍሩ ወደ ውጭ አወፍሩ እንጂ ወደ ውስጥ አትሂዱ። ቀዳዳው ክፍት ይሁን።

አምስተኛ፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ።

ስድስተኛ፣ ጨርሳችሁ ሃምሳ እርምጃ ራቁ። ዞራችሁም አንብቡት። ደግሞ ቃሉን የማያውቅ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡት። እሱ ካነበበው ሰሌዳው ሠርቷል።

ትልቁን ካነበባችሁ በኋላ

አሁን ወደ አዛውንቱ ነገር እንመለስ። ወፍራም ፊደል ይጣራል። ቀጭን ፊደል ይነግራል። ሰው ሲጠራን «አቤት» ብለን ብቻ አንመለስም። ምን ሊለን እንደ ሆነ ጠጋ ብለን እንሰማለን። ጽሑፍም ሲጠራን ጠጋ ማለት አለብን።

የፀረ-ተባይ ዕቃ ስትገዙ ስሙ በትልቅና በወፍራም ፊደል ተጽፏል። ሻጩ እንዲታይ የሚፈልገው እሱን ነው። ከስንት ውሃ ጋር እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን እህሉ እንደማይበላ፣ ባዶ ዕቃው ለመጠጥ ውሃ እንደማይሆን የሚነግረው ግን ትንሹ ፊደል ነው። ስሙን ያላነበበ ዕቃውን አያገኘውም። ትንሹን ያላነበበ ልጁን ሊጎዳ ይችላል።

የብድር ወረቀትም እንዲሁ ነው። ከላይ «ብድር» የሚለው ወፍራም ነው። ወለዱ ስንት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ባይከፈል ምን እንደሚወሰድ ግን ታች በቀጭኑ ይጻፋል። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ማንም ቢያስቸኩላችሁ አትፈርሙ። ፊደሉ እጅግ ካነሰባችሁ «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» በሉ፤ ከዚያም እናንተው ደግማችሁ እዩት። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

የጻፍን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ግዴታ አለብን። አንባቢ የሚፈልገው ምንድን ነው ብለን መጠየቅ አለብን። አዛውንቱ አባ ሰንጋ ክፉ መሆኑን እኛ ሳንነግራቸው ያውቃሉ። የፈለጉት ቀኑንና ቦታውን ነበር። እኛ ግን የሚያውቁትን በወፍራሙ፣ የማያውቁትን በቀጭኑ ጻፍን።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በጋዜጣችን ላይ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀኑና ቦታው ከአናት፣ በወፍራም ፊደል ይሆናል። ምክንያቱና ዝርዝሩ ከሥሩ በቀጭኑ ይከተላል። የመጀመሪያውን አዘጋጅተን ለአዛውንቱ አሳየናቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት። ቀኑን አነበቡ፤ ቦታውን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና ትንሹንም እያዘገሙ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አሁን ነገራችሁኝ» አሉን። ወረቀቱንም አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለሚቀጥለው ዙር ነው።

የንባብ ጥያቄዎች

1. አዛውንቱ የክትባቱ ቀን ያለፈባቸው ለምንድን ነው?
2. ፉቱራን ያወጣው ማን ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ለሽያጭ ቀረበ?
3. «ቤ» በጣም ሲወፍር የትኛውን ፊደል ይመስላል? ለምን?
4. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች አንዱን አንሡ። በወፍራሙ ምን ተጽፏል? በቀጭኑስ? የትኛው ይበልጥ ይጠቅማችኋል?

የቃላት ፍቺ

ግርጌ — የገጽ ታችኛው ክፍል።
ሰሪፍ — በላቲን ፊደል ጭረት ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መርገጫ።
ጂኦሜትሪ — የቅርጽና የልክ ትምህርት።
ፊደል ለቃሚ — በማተሚያ ቤት የብረት ፊደሎችን እየለቀመ የሚደረድር ሠራተኛ።
ወለድ — በብድር ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ገንዘብ።

የሠራችሁትን ሰሌዳ ቃል በወረቀት ገልብጣችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።